በፍሎረንስ ካርታ

ቪዛው ተከልክሎ፣ ፈቃዱ ግን ወጥቶ፣
ለአምስታችን ሁሉ አዲስ ጫማ ገዝቶ፣
አባቴ ሦስት ቀን ከግድግዳ ጋራ ተፋጦ ሰነበተ።
በአራተኛው ጠዋት ካርታውን ዘረጋ።
"ተነሡ" አለን፣ "ጫማው መሬት ይንካ፤
የፋብሪካው ዕረፍት ዳግመኛ አይተካ።"

ካርታው የፍሎረንስ ነው። አክስቴ ጦይባ
አልጋ የያዙ አሮጊት እያስታመመች የምትኖርበት።
አንድ ጠባብ መንገድ ላይ፣ በቀይ እስክርቢቶ
ነጥብ አድርጋ ልካልናለች፣
"የማድረው እዚህ ነው" ብላ ጽፋበት።

ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርን፤
ሐረጎ ጠመዘዘን፣ እኛም አብረን ዞርን።
ታናሼ እንድሪስ ፌስታል ውስጥ አስመለሰ።
እናቴ ሉባባ አፉን እየጠረገች፦
"አይዞህ፣ አውሮፕላኑም ያው ነው፣ ያስመልሳል፤
የእነሱ ፌስታል ግን የወረቀት ነው ይባላል።"

ደሴ ስንደርስ ጦሳ ጉሙን እስከ አንገቱ ስቦ
ገና አልተነሣም።
አባቴ መንገድ ዳር ቆመ፤ ካርታውን ገለበጠ፣ አዞረ፣
ሰሜኑን ፈልጎ አጣው፤ ዝም ብሎ ጀመረ፦

"ይኸው ቦርከና። በዚህኛው አርኖ ይሉታል።
ድልድዩ ላይ ወርቅ ሠሪዎች ሱቅ ከፍተው ይውላሉ።"
እኛ ድልድይ ላይ አንድ ሽማግሌ
ሎሚ በጆንያ ደርድረው ተቀምጠዋል፤
የላይኛው ሎሚ በጉሙ መሐል በርቷል።
አባቴ አምስት ገዛ።
አንድ አንድ አደረሰን፤ እንደ መግቢያ ቲኬት
ጨብጠን ተከተልነው።

ካርታው ላይ አንድ ትልቅ ክብ ጣራ አለ፤
እሱን ፍለጋ ሽቅብ ወጣን።
አንዱ መስጊድ ሆነ፣ አንዱ መድኃኔዓለም።
"የእነሱ አንድ ብቻ ነው" አለ፣ ደስ ብሎት፣
ስንት እንደሚከፈል የሚጠይቀው ግን ማንም የለም።

ፒያሳ ስንገባ ካርታው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ፦
ፒያሳ ይላል። ፒያሳ ነው።
"ከየት መጣ ቃሉ?" አለች እህቴ ዘምዘም።
"ሰዎቹ ሲወጡ" አለ አባቴ፣ "ቸኩለው ረሱት።
እኛም ቪዛ ሳንጠይቀው አኖርነው።"
ስቀን አለፍን። እሱ ግን አልሳቀም።

አይጠየፍ አዳራሽ በሩ ተቆልፏል።
ዘበኛው በካፖርቱ ውስጥ አንቀላፍቷል።
"ጥገና ላይ ነው" አለን፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።
እንድሪስ ሎሚውን ዘረጋለት፦
"እዚህም ቪዛ ይፈልጋል?"
ሰውዬው ተነሣ። ካፖርቱን ቆለፈ፣ አፈረ።
ቁልፉ እሱ ጋ እንዳልሆነ ማለልን፤
ከዚያ አንድ የሳንቃ ስንጥቅ አሳየን፣
በየተራ አጎንብሰን አየን።
እኔ ጨለማ አየሁ። ዘምዘም እርግብ አየች።
እናቴ ረጅም ጊዜ ቆየች፤
"ድሃው ከመኳንንቱ እኩል የበላው እዚህ ነው አሉ" አለች፣
ቀና ስትል ግንባሯ ላይ አቧራ።

የቀረን ነጥቡ ነበር፤ ቀዩ፣ የጦይባ ቤት።
አባቴ ወደ ድልድዩ መለሰን፤
ከዚያ ተነሥቶ እርምጃ ቆጠረ፦
ሦስተኛው መታጠፊያ፣ በስተግራ፣
ሰማያዊ ቀለሙ የተቀረፈ የቆርቆሮ በር፣
አጥሩ ላይ የታጠበ ምንጣፍ የተሰጣ።
"ይመር፣ ተው፣ ሰው ይታዘበናል" ስትል እናቴ
እጁን ስትይዘው፣
በሌላው አንኳኳ።

ሴትዮ ወጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና።
"ጦይባ አለች?" አላት፤
ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ።
አምስታችንን አየች፦ ጭቃ የነካውን አዲስ ጫማ፣
ጠርዙ የተበላ ካርታ፣ ሎሚዎቹን፣
የእንድሪስን ገርጥቶ የቀረ ፊት።
ሳሙናው ከክርኗ ይንጠባጠባል።

"የለችም" አለች። "ግቡና ጠብቋት።"